ተራው የእኔ ነበር

የአጋዘን ሥጋ የሚበላው ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ ከደረሰበት ብቻ ነው። ይሄን ለማያውቅ ሰው የምጽፈው ሁሉ ግራ ይሆንበታልና መጀመሪያ እሱን ልናገር። በጥይት ተመትቶ እዚያው የሞተ አውሬ በክት ነው። እኛ ክርስቲያኖቹም አንበላውም፣ እስላሞቹም አይበሉትም። ነፍስ እያለው ተደርሶበት በስመ አብ ተብሎ ከታረደ የእኛ ነው፣ ቢስሚላህ ተብሎ ከታረደ የእነሱ ነው። የአንዱን ሌላው አይነካም። አርሲ ውስጥ አብረን ተወልደን፣ አብረን አርሰን፣ አንዳችን የሌላችንን ሬሳ ተሸክመን ቀብረን፣ በሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እንለያያለን። ማንም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም።

ስለዚህ ጋላማ ተራራ ላይ ፈረንጆች በፈቃድ ሊያድኑ ሲመጡ ካምፑ ሁለት ባለቢላዋ ይይዛል። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ጓደኛዬ ነው። ከተራራው ሥር ገብስ የሚያርስ እስላም ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ያንሳል፣ በእግር ግን ሁለታችንን የሚያወዳድር የለም። ፈረንጁ ቀንዱንና ቆዳውን ይወስዳል፣ ሥጋው ለአገሬው ይቀራል። እኔና እሱ ተራ አለን። አንዱ አውሬ የክርስቲያን ከሆነ የሚቀጥለው የእስላም ነው። ተራውን የጻፈልን የለም፣ ከድሮ ጀምሮ በአፍ ነው የያዝነው፤ ተጣልተንበትም አናውቅም።

ችግር ያመጣብን ትልቁ ጠመንጃ ነው። አባቴ ዱሮ፣ ማደን ሳይከለከል፣ ምንሽር ነበረው። በዚያ የተመታ ድኩላ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይወድቃል፤ ሰው ሮጦ ይደርስበታል፣ ባርኮ ያርደዋል። የፈረንጆቹ ሌላ ነው። ጥይቱ የአውራ ጣቴን ያህላል። ሲተኮስ ገደሉ ተመልሶ ይጮኻል። ፈረስ የሚያክለው ወንዱ አጋዘን መሬት ከሥሩ የሸሸችው ይመስል በቆመበት ክምር ይላል። እኛ ቢላዋችንን ይዘን እየሮጥን ስንደርስ ዓይኑ ቀድሞ ፈዟል። ስንት ጊዜ እኔና ጓደኛዬ በአንድ ተራራ ሥጋ ግራና ቀኝ ቆመን ተያየን። አንድ ጊዜ ጓደኛዬ ትንፋሹን ሰብስቦ ሲያበቃ፣ "ይሄ ጠመንጃ ሃይማኖት የለውም" አለኝ። ሳቅን። ሥጋውን አሞራ በላው።

እኔ ግን በልቤ አልሳቅሁም። አዳኞቹን የሚመራው ሰው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የተማረ፣ ፈቃድ ያለው፣ ለሰው ክብር የሚሰጥ ሰው ነው። በመጣ ቁጥር እሱን እጨቀጭቀው ነበር። ይሄን መድፍ ተዉት፣ አነስ ያለው ይበቃል እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ትልቁ የሚያዘው እንስሳው ሳይሰቃይ እንዲሞት ነው፣ ትንሹ በነፋስ ይሳታል፣ የቆሰለ አውሬ ገደል ገብቶ ሲማቅቅ ይከርማል ይለኛል። እኔም መልሼ፣ ለአውሬው ስቃይ ታስባላችሁ፣ ሥጋ ለጠማው ሰው አታስቡም እለው ነበር። ይቺን ንግግሬን በጣም ወደድኳት። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እደግማታለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች፣ "አንተን ከያዝከው ነገር የሚያስለቅቅህ አልተወለደም" ትለኝ ነበር፤ እኔ ምስጋና ይመስለኝ ነበር።

እሷ ጥር ላይ ዐረፈች። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሷ ሙት ዓመት ጋር ነው።

ተራው የእኔ ሆኖ ሥጋ ይዤ አሰላ ስገባ ባለቤቴ ለራሷ ድስት ሳትጥድ ለሰፈሩ ታድል ነበር። ከብቅል ፋብሪካው በላይ ባለው ሰፈራችን የእሷን የጫካ ሥጋ ያልቀመሰ ክርስቲያን የለም። የተረፈውን ቋንጣ አድርጋ ጓዳ ትሰቅለዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ "ይሄ ከጋላማ ነው" ብላ ነው የምታቀርበው። እናም ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ልጆቼ ተሰብስበው መጡና በሬ እንጣል አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። የእሷን ተዝካር በጋላማ አጋዘን ነው የማበላው አልኩ። በዚያ ጥር ፈረንጅ እንደሚመጣ፣ ተራውም የክርስቲያን እንደሆነ አውቃለሁ። ትልቋ ልጄ፣ "አባባ፣ ባይመታስ? ቢሞትባችሁስ?" አለችኝ። በእኔ እጅ አይሞትም አልኳት። ነገሩን ለማኅበርተኛውም፣ ለቄሱም፣ ለጎረቤቱም ተናገርኩ። ሰው ሁሉ የእሷን ሥጋ እንደገና ሊቀምስ ነው ብሎ ደስ አለው። በሬ የሚባል ነገር እቤቴ እንዳይነሣ አልኩ።

ወደ ካምፑ ወጣሁ። ፈረንጁ የእኔ እኩያ ነው፣ ጺሙ የነጣ፣ ዝግ ያለ ሰው። ሁለት ጠመንጃ ይዟል፣ አንዱ ያ ትልቁ፣ አንዱ ቀጠን ያለ። አዳኝ መሪውን ለብቻው ሳብኩና የባለቤቴን ተዝካር ነገርኩት። በትልቁ ከመታው ለእኔ የሚቀርልኝ ቀንድ ማየት ነው፣ በትንሹ ይምታልኝ፣ አስተርጉምልኝ አልኩት። አይሆንም ጋሼ አለኝ። ተዝካሩን እያነሣሁ ነዘነዝኩት። በኋላ ለፈረንጁ ነገረው። ሰውዬው እኔን እያየ ሲያደምጥ ቆየና ኮፍያውን አወለቀ፤ እሱም ሚስቱ እንደሞተችበት ተናገረ። ትንሹን እይዛለሁ፣ ለእሷ ይሁን ማለቱን መሪው ተረጎመልኝ። እንዳሸነፍኩ ነው የቆጠርኩት። ጓደኛዬ እሳት ዳር ሆኖ ይሰማ ነበርና በኋላ፣ "አንተ ሰውዬ ፈረንጁንም ክርስትና አስነሣኸው" ብሎ ቀለደብኝ።

በማግስቱ ጉሙ ሲገፈፍ አጋዘኑን አየነው። እኛ አጋዘን እንለዋለን፣ ጓደኛዬ ገዳምሳ ይለዋል። ከሸለቆው ማዶ፣ የአስታው ቁጥቋጦ ከሚሳሳበት ላይ፣ ብቻውን ቆሞ ይግጣል። ያረጀ ወንድ ነው፣ ቀንዱ ሁለት ጊዜ ተጠማዞ ጫፉ ነጥቷል። ጓደኛዬ እንደልማዱ በታችኛው መንገድ ቀድሞ ሄደ፣ የተመታው ወዴት እንደሚሸሽ የሚጠብቅ እሱ ነውና። እኔ ከፈረንጁና ከመሪው ጋር ከድንጋዩ ኋላ ተኛሁ። ነፋስ ነበር። መሪው አጉረመረመ፤ ርቀቱ ለዚህ ጠመንጃ ይበዛል አለኝ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ። እኔ ዝም አልኩ። ፈረንጁ ቃታውን ሳበ።

ድምፁ ቀጭን ነበር። አጋዘኑ ዘለለ፣ በፊት እግሩ ቆመ፣ የኋላው ግን አልተከተለውም። እየተጎተተ ወደ ውኃ መውረጃው ወረደ። መሪው በመነጽር አይቶ ወገቡን ነው የመታው፣ ጀርባው ተሰብሯል አለ። ወዲያው ትልቁን ጠመንጃ አንሥቶ ለፈረንጁ ሰጠው። አውሬው ከጅብራ ተክሎቹ መሃል ቁጭ ብሏል፣ ደረቱ ፊት ለፊት ይታያል። ነገሩ በአንድ ጥይት ያልቅ ነበር።

እኔ ተነሥቼ እጄን አፈሙዙ ላይ አደረግሁ።

የትም አይሄድም አልኩ። ሕይወት አለው፣ እደርስበታለሁ አልኩ። መሪው ፊቱ ተለዋወጠ። "ጋሼ፣ እጅዎን ያንሡ። እንስሳው እየተሰቃየ ነው" አለኝ። አላነሣሁም። ፈረንጁ አንድ ነገር ጠየቀ። መሪው ወደ እኔ ዞሮ፣ "በእርግጥ ይደርሳሉ ወይ ነው የሚልዎት" አለኝ። እደርሳለሁ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሰውዬው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ስለ ሚስቴ ብሎ ነው። ይሄ አሁንም ያሳርረኛል።

ሸለቆውን መውረድ ጀመርኩ። ግማሽ ሳልደርስ ጓደኛዬ ማዶ አውሬው ጋ መድረሱን አየሁ። ከዚያ በኋላ መተኮስ አይቻልም፣ ሰው አጠገቡ ነው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጠራኝ። "ኮቱ! ና! አልሞተም፣ በጣም ተጎድቷል። ልረደው?"

እሱ ካረደው የእስላም ሥጋ ነው። የሰፈሩ ሰው፣ ማኅበርተኛው፣ ቄሱ፣ ቤት ውስጥ በሬ እንዳይነሣ ማለቴ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

"እንዳትነካው! ተራው የእኔ ነው!"

ሸለቆው ቃሌን ተቀብሎ መለሰው።

ያ ሸለቆ በወጣትነቴ ስሻገረው ሸለቆ አይመስለኝም ነበር። አሁን ግን ድንጋዩ ጤዛ ጠጥቶ ያንሸራትታል፣ አስታው ልብስ ይይዛል፣ ደረቴ ውስጥ አየር አልበቃ አለ። ጓደኛዬ ደግሞ ጠራ። ቆይ መጣሁ አልኩ። ሽቅቡ ላይ ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ ተቀመጥኩ። ተቀምጬ የተፈታ የጫማ ማሰሪያዬን አሰርኩ። አውሬው ከላይ ሲያቃስት ይሰማኛል። አጋዘን ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከአጋዘን ጋር ኖሬ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም፤ ትልቁ ጠመንጃ ድምፅ የሚያሰማበት ጊዜ አይሰጠውማ። ማሰሪያዬን አጥብቄ ቋጠርኩ፣ ተነሣሁ። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ አልጠራኝም።

ስደርስ ቢላዋው በሰገባው እንዳለ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ቡልኮውን አውልቆ የአውሬውን ዓይን ሸፍኖለት፣ አንዱን ቀንድ በእጁ ይዞ አጠገቡ ተንበርክኳል። በብርዱ ሸሚዝ ብቻ ለብሷል። ሣሩ አውሬው በፊት እግሩ እንደቧጠጠው ተነቅሏል። እኔ ሰገባዬን ልፈታ ታገልኩ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው እምቢ አሉኝ። ቢላዋውን አውጥቼ በስመ አብ ብዬ ስጎነበስ ትልቁ ሆድ አንዴ ተነሥቶ ወረደ፤ ደግሞ አልተነሣም።

"ዱኤ" አለ ጓደኛዬ። ሞተ ማለቱ ነው። ቡልኮውን ከዓይኑ ላይ አነሣ።

ሁለታችን ብቻ ነን። ጭነት ይዘው የሚመጡት የካምፑ ልጆች ገና ታች ናቸው። ጓደኛዬ ዘወር ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቁረጠው። ሕይወት ነበረው ብዬ እመሰክርልሃለሁ። እኔ እንደሆነ አልበላውም" አለኝ። አስቦልኝ ነው። ሥጋ አጥቼ ከሰው ፊት እንዳልዋረድ ነው። ቢላዋዬን አንገቱ ላይ አደረግሁ፣ ጠጉሩ ገና ይሞቃል። የማስበው ስለ እግዜር ነው ብል ውሸት ነው። የባለቤቴ እጅ ነው የታየኝ፣ ለጎረቤት ስታድል። በእሷ ስም በክት ለሰው ላበላ አልቻልኩም። ቢላዋዬን መልሼ ከተትኩ። ልጆቹ ሲደርሱ ሞቶ ነው የደረስኩበት አልኳቸው።

ፈረንጁና መሪው መጡ። ሰውዬው አውሬውን ዞሮ አየ፣ የተነቀለውን ሣር አየ፣ ቀንዱን ሳይለካ እኔ ጋ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። መሪው እኔን ሳያየኝ ተረጎመ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ ነው የሚለው። በደንብ ባለመተኮሴ እንስሳውን አሰቃየሁ፣ የባለቤትዎንም ምግብ አበላሸሁ ይላል።"

እኔም፣ "ምንም አይደለም፣ ያጋጥማል" አልኩ።

አዎ እንደዚያ ነው ያልኩት። ይቅርታ እንደሚሰጥ ሰው። ጓደኛዬ ቡልኮውን እያራገፈ ነበር፣ ማራገፉን አቆመና አየኝ።

የካምፑ መኪና አሰላ አወረደኝ፣ ከዚያ በባጃጅ ቤቴ ደረስኩ። ባዶ እጄን ስገባ ልጆቼ ሁሉ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ድንኳን ያስራሉ። ሥጋ የለም አልኩ። ትልቋ ልጄ ወንድሞቿን አየች፣ እነሱም እሷን አዩ። ከዚያ ሽንኩርት የነካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ "አባባ፣ እንዳይቆጡ። በሬው ጎረቤት ጓሮ ታስሯል። ከኢተያ ካመጣነው ሰነበተ" አለችኝ።

እኔ ወደ ተራራው ሳልወጣ ነው ያመጡት። እንደማልሰማቸው ስላወቁ ሳይነግሩኝ አመጡት። እኔ ሸለቆ ለሸለቆ አትንካው እያልኩ ስጮህ የባለቤቴ ተዝካር በሬ ጎረቤት ጓሮ ገለባ ይበላ ነበር። ልቆጣ ሞከርኩ፣ ቁጣው አልመጣም። ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

የተዝካሩ ዕለት ጓደኛዬ በጠዋት መጣ። ለእስላም እንግዶች የሚሆነውን በግ ሁልጊዜም የሚያርድልን እሱ ነው። እኔ እግሩን ያዝኩለት፣ እሱ ቢስሚላህ ብሎ አንድ ጊዜ ሳበው፣ አለቀ። በጉ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሄደው። ቢላዋውን በሣር ሲጠርግ የበጉን እግር እንደያዝኩ ለምን አላረድከውም አልኩት። የትኛውን አላለኝም።

"ተው አልከኝ። ተራህ ነበር" አለ። ቢላዋውን ወደ ሰገባው እየመለሰ፣ "ስትጮህ ጆሮውን ወደ አንተ አዞረ። ከዚያ ነው ዓይኑን የሸፈንኩት" አለኝ።

እንግዳው ገባ። ቄሱ ጸለዩ፣ ሰው በላ፣ በሬው የሰባ ነበር፣ ሁሉም ልጆቼን አመሰገነ። የአደኑ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ኖሮ ፈረንጁን ያሙት ጀመር። ያን ያህል አገር አቋርጦ መጥቶ ቆሞ የሚጠብቀውን አውሬ ሳተ አለ አንዱ። ሌላው ጠመንጃውን ለጋሼ ቢሰጣቸው ይሻለው ነበር አለ። ተሳሳቁ። የአባቴን ምንሽር የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ፣ "ለዚህ ሰውዬ ብትሰጡት ኖሮ ዛሬ የምንበላው የጋላማ ሥጋ ነበር" ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። ፈረንጁን ተዉት አልኩ። ትልቁን ጠመንጃ ያስጣልኩት እኔ ነኝ፣ ሊጨርሰው ሲል አፈሙዙን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ይሄ ወንድሜ ልረደው ሲለኝ የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ አውሬው ሲያቃስት ተቀምጬ ጫማዬን ሳስር ነበር አልኩ። ሁሉንም አልኩ። በመጨረሻ ድምፄ ተሰበረ። ከዚያ ያ ሽማግሌ ሳቅ አለና፣ "ኧረ ተዉ እባካችሁ፣ ዛሬ ሚስቱን አስታውሶ ሆዱ ባብቶ ነው" አለ። ሌሎቹም አይዞህ፣ ነፍስ ይማር አሉኝ። አንዱ ደግሞ፣ "ጋሼ እኮ ከያዙ አይለቁም፤ ዛሬ ደግሞ ለፈረንጅ ጠበቃ ቆሙ" አለና ሳቁ። ልጄ መጥታ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ጠላ ተቀዳልኝ። ወሬው ወደ ስንዴ ዋጋ ሄደ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እጄም ለብዕር አልተሠራም። ግን በአፌ ስናገር ያልተሰማ ነገር ምናልባት ተጽፎ ሲነበብ ሐዘን ነው ተብሎ አይታለፍ ይሆናል ብዬ ነው። መሪው ትክክል ነበር። ትልቁ ጠመንጃ የሚያዘው አውሬው ድምፅ እንዳያሰማ ነው፣ እኔ ይሄን ያወቅሁት ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ነው። ለዚያ ፈረንጅም ምንም አይደለም ማለት የእኔ አልነበረም። የት እንዳለ አላውቅም። መጥፎ ተኳሽ ነኝ ብሎ አገሩ ገብቷል።

ያን ቀን ከሳቁት መሃል ጓደኛዬ አልነበረም። ከእስላሞቹ ማዕድ ተቀምጦ ሲያደምጠኝ ነበር። ሰው ወሬውን ሲቀይር እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ልጆቼ ማንቆርቆሪያውን ሊይዙ መጡ፣ ተዉ አልኳቸው። እኔ አፈሰስኩለት። ውኃውን እስኪበቃው ተቀበለኝ።